ለጋዜጣችን ካሜራ ያገለገለ ሌንስ ስንፈልግ

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ዕቃ አገዛዝ፣ ስለ ውል አፈራረም፣ ስለ መብራትና ስለ ውኃ ሂሳብ ስንጽፍላችሁ ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ በሠርግና በሰግድ በዓል አንገታችን ላይ አንጠልጥለነው ስለምታዩት ስለ ጋዜጣችን ካሜራ ልናወያያችሁ ነው። ነገሩን ያነሣነው ለራሳችን ብለን ብቻ አይደለም። ልጆች ወደ ሠራዊት ሲገቡ ወይም ሲያገቡ ትተውት የሄዱት፣ ከዐሥርና ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት የተገዛ ዲጂታል ካሜራ በብዙዎቻችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳለ ስለምናውቅ ነው። ያ ካሜራ ገና አልሞተም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ባለፈው የዝናብ ወራት አንድ የምናከብራቸው ሽማግሌ አረፉ። በሺቫው በሦስተኛው ቀን ልጃቸው ወደ እኛ መጣና፣ «አባቴ በማትናሱ ሲመርቁ እናንተ ፎቶ ስታነሡ አይቻለሁ። እባካችሁ አንድ ጥሩ ፈልጉልኝ፤ ቤት ውስጥ የምናቆመው የለንም» አለን። ኮምፒዩተሩን ከፍተን ፈለግን። ዐሥራ አንድ ፎቶ አገኘን። በዘጠኙ ላይ እጃቸውም ፊታቸውም እንደ ጢስ ተበትኗል። በአንዱ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። በቀረው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አዳራሹን በሙሉ አሜን የሚያሰኙት ሰው ከእኛ ዘንድ ፊት አልነበራቸውም። ቤተ ሰቡ በመጨረሻ ከቴውዳት ዜሁታቸው ላይ ያለውን ትንሹን ፎቶ አስፍቶ አቆመ። ሄደን አየነው። ሰውየው በዚያ ፎቶ ላይ እንደ እንግዳ ሰው ነው የሚያዩት።

እንደሚታወቀው፣ በ1991 እ.ኤ.አ. ግንቦት ወር በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ የመጣው ከ14 ሺህ የሚበልጥ ወገናችን ከለበሰው ልብስ በቀር ይዞ የመጣው ነገር እጅግ ጥቂት ነበር። በሱዳን በኩል የመጣውማ ስለ ዕቃ ሊያወራ አይችልም። ጎንደር ፎቶ ቤት ገብቶ፣ ቀለም በተቀባው መጋረጃ ፊት ቆሞ የተነሣው ፎቶ እንኳ ከዘመድ ዘንድ ቀርቷል። ያኔ የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ ሰማንያን አልፏል። እኛ ግን በየበዓሉ እየዞርን ጢስ ስናነሣ ከርመናል። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ስለዚህ ልናርመው ተነሣን።

ካሜራችን ካኖን 450ዲ የሚባለው ነው። ይህ ሞዴል በ2008 የወጣ ሲሆን 12 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ምስል ያነሣል። ይህ ለጋዜጣ ገጽ ቀርቶ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ፎቶም ይበቃል። ጉድለቱ ያለው አብሮት በመጣው 18-55 ሌንስ ላይ ነው። እሱም ቢሆን በቀን ብርሃን መልካም ሌንስ ነበር። ነገር ግን በአንድ ባር ሚጽዋ ላይ አንድ ሕፃን ማንገቻውን ሲስብ ካሜራው ከጠረጴዛ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ሌንሱ 35 ላይ ሲደርስ ይነክሳል፣ አይዞርም። ሕፃኑን አልተቆጣነውም፤ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያስቀመጥነው እኛ ነን።

«ለምን በፔሌፎን አታነሡም?» የሚሉን አሉ። አዲስና ውድ ፔሌፎን ያለው ሰው ማንሣት ይችላል፤ በጨለማ ውስጥ ከእኛ ካሜራ የተሻለ የሚያነሣ እንዳለም አይተናል። የእኛ ፔሌፎኖች ግን እንደዚያ አይደሉም፤ በውስጣቸው ያለው ፎቶም ስልኩ ሲሰበር አብሮ ይጠፋል። ካሜራው ደግሞ አስቀድሞ በእጃችን አለ። በሣጥናችን የነበረው 600 ሸቀል ነው። በዚህ ገንዘብ አዲስ ካሜራ አይገዛም፣ ጥሩ ያገለገለ ሌንስ ግን ይገዛል።

የፈለግነው ሌንስ ከካሜራው ላይ የማይወልቅ፣ ለሁሉ የሚሆን፣ በእግር እየዞሩ የሚሠሩበት ዓይነት ነው። በሰግድ ቀን በኢየሩሳሌም በአርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ላይ ቆሞ ሌንስ መቀያየር አይቻልም፤ ሕዝቡ ይጋፋል፣ አቧራው ይገባል፣ ቄሶቹም አይጠብቁም።

በመጀመሪያ በሌንሱ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ማንበብ ያስፈልጋል። 18-55 ሲል ትንሹ ቁጥር ሰፋ አድርጎ ማየትን፣ ትልቁ ቁጥር ደግሞ ማቅረብን ያመለክታል። ሆኖም አንድ ወጥመድ አለ። እንደ 450ዲ ያሉ ካሜራዎች ምስሉን የሚቀበለው ክፍላቸው ከድሮው ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያነሰ ነው። ስለዚህ በካኖን ቁጥሩን በ1.6፣ በኒኮን በ1.5 ስናባዛው ነው በፊልም ጊዜ የምናውቀውን የእይታ ስፋት የምናገኘው። ለዚህ ነው በየሽያጭ ማስታወቂያው በርካሽ የሚቀርበውን ካኖን 28-135 ያልወሰድነው። ይህ ሌንስ በ1998 ለፊልም ካሜራ የወጣ ሲሆን ለዚያ ዘመን የተመቸ ነበር። በእኛ ካሜራ ላይ ግን ከ45 ይጀምራል። በአንድ ሳሎን ውስጥ አያት፣ ልጆችና የልጅ ልጆች ሶፋ ላይ ተደርድረው ቢቀመጡ፣ ሁሉንም ለማስገባት ፎቶ አንሺው ወደ በረንዳ መውጣት ሊኖርበት ነው። ብዙዎቻችን የምንኖርበትን አፓርታማ ስለምታውቁት ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ከ17 ወይም ከ18 የሚጀምር ሌንስ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ሲባዛ 27 ወይም 29 ገደማ ይሆናል።

ትንሹና ርካሹ ካኖን 50 ኤፍ 1.8ም በዚሁ ምክንያት ቀረ። ለአንድ ሰው ፊት እጅግ ጥሩ ነው፤ ለቤተ ሰብ ግን አይበቃም። ገንዘብ የተረፈው ሁለተኛ አድርጎ ይግዛው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ እርሱም ብርሃን ነው። የማትናስ አዳራሽ በሌሊት ሲታይ ለዓይን ብሩህ ይመስላል፤ ለካሜራ ግን ጨለማ ነው። በሌንሱ ላይ «ኤፍ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የብርሃን ቀዳዳውን ስፋት ያሳያል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። የድሮው ሌንሳችን ስናቀርብበት ኤፍ 5.6 ነው። ከኤፍ 5.6 ወደ ኤፍ 2.8 ስንሄድ የሚገባው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። ይህ ማለት የካሜራው መዝጊያ በሰከንድ አንድ ዐሥራ አምስተኛ ይከፈት የነበረው በአንድ ስድሳኛ መሥራት ይችላል ማለት ነው። የ450ዲ የብርሃን ስሜት፣ አይ ኤስ ኦ የሚባለው፣ ከ1600 አያልፍም፤ እዚያ ሲደርስም ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። በመሆኑም በካሜራው በኩል ማትረፍ የምንችለው ነገር አልቋል። የቀረው ሌንሱ ነው።

ሻጮች በዚህ ጊዜ «ይህ ሌንስ አይ ኤስ አለው፣ መንቀጥቀጥ ይከለክላል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ይከለክላል። የሚከለክለው ግን የፎቶ አንሺውን እጅ መንቀጥቀጥ እንጂ የሚነሣውን ሰው እንቅስቃሴ አይደለም። እስክስታ ሲመታ አይ ኤስ ባለው ሌንስ አንሥተን አይተናል፤ ግድግዳው፣ ወንበሩ፣ ጠርሙሱ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ጨፋሪዎቹ ግን ትከሻ የላቸውም። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁም የሆነው ይኸው ነው። የድሮው ሌንሳችን አይ ኤስ ነበረው። ለሕንፃና ለተራራ ጠቃሚ ነው። ለሰው ግን ሰፊ ቀዳዳ ይሻላል እንላለን። ለእስክስታማ አንድ ስድሳኛም አይበቃም፤ ቢያንስ አንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ይፈልጋል። እዚያ ላይ ፍላሽ መጨመር ግድ ነው። የካሜራው ትንሽ ፍላሽ ሲከፈት በሌንሱ አፍ ላይ ያለውን የፀሐይ መከለያ አውልቁት፤ አለበለዚያ በፎቶው ታች ጥቁር ግማሽ ክብ ይጥልባችኋል። ይህን ሳናውቅ አንድ ሙሉ ሠርግ አበላሽተናል። ሙሽሮቹ እስከ ዛሬ ሰላም ይሉናል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ከዚያ በኋላ ዕጩዎቹን ደረደርን። በ2009 የወጣው ካኖን 18-135 ሩቅ ያቀርባል፣ አይ ኤስ አለው፤ ለሰግድ ሜዳ ደስ ይላል፣ ለአዳራሽ ግን እንደ ድሮው ጠባብ ነው። በ2004 የወጣው 17-85ም እንዲሁ ነው። ስለዚህኛው ጠጋኞች በሰፊው የሚያውቁት አንድ ደካማ ጎን አለ። ወደ ብርሃን ቀዳዳው የሚሄደው ቀጭን የኤሌክትሪክ ሪባን በዕድሜ ብዛት ሊበጠስ ይችላል። ሲበጠስ ሌንሱ ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ይሠራል፣ ጠበብ ሲደረግ ግን ካሜራው የስሕተት ጽሑፍ ያወጣል። ርካሽ ሆኖ ካገኛችሁት በኤፍ 8 ላይ አድርጋችሁ፣ ከ17 እስከ 85 በየመሃሉ እያቆማችሁ ሳታነሡ ገንዘብ እንዳትሰጡ። በ2006 የወጣው የካኖኑ 17-55 ኤፍ 2.8 ሁለቱንም፣ ሰፊውን ቀዳዳና አይ ኤሱን፣ አሟልቶ ይዟል። አገልግሎም ቢሆን ከሣጥናችን በላይ ነው። ስለዚህ ዓይናችን በታምሮን 17-50 ኤፍ 2.8 ላይ ዐረፈ። እርሱም በ2006 የወጣ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ኤፍ 2.8 ነው፤ በኋላ መንቀጥቀጥ የሚከለክል ሌላ ዓይነት በ2009 ቢጨመርለትም፣ የፊተኛው ቀለል ያለ፣ በብዙዎች ዘንድም ጥርት ያለ ምስል በማውጣት የተመሰገነ ነው። ሞተሩ እንደ ቡና ወፍጮ ይጮኻል። ይህን ታግሠን ወሰድነው። በተጨማሪም የ450ዲ የመሃል ማነጣጠሪያ ነጥብ ኤፍ 2.8 የሆነ ሌንስ ሲገጠምለት ይበልጥ በጥንቃቄ ያነጣጥራል፤ በደብዛዛ ቦታ ይህ ትርፍ ነው።

ኒኮን ያላችሁ እንዳትቀየሙን፤ ለእናንተም አንድ ሁለት ቃል አለን። ዲ40፣ ዲ60፣ ዲ3000 እና ዲ5000 በሆዳቸው ውስጥ የማነጣጠሪያ ሞተር የላቸውም። ስለዚህ ሞተሩ በራሱ በሌንሱ ውስጥ ያለ መሆን አለበት፤ የኒኮን ከሆነ «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል ጽሑፍ ይፈለግበታል። ታምሮን 17-50ም ለኒኮን ሞተር የሌለውና ሞተር ያለው ሁለት ዓይነት ስላለ ሻጩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዲ70፣ ዲ80 እና ዲ90 ሞተር አላቸው፣ ሁሉንም ይሸከማሉ። ከሁሉ የሚያታልለው ግን ከ2016 ጀምሮ የወጣው «ኤኤፍ-ፒ» የሚባለው አዲስ ሌንስ ነው። አዲስና ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል፤ በዲ40፣ በዲ60፣ በዲ80 እና በዲ90 ላይ ግን አያነጣጥርም። በትንሽ ገንዘብ የሚገኘው አሮጌው 18-70፣ በ2004 የወጣው፣ መግጠሚያው ብረት ነው፤ ለዲ40 ባለቤት ከእርሱ የተሻለ መነሻ አናውቅም።

ወደ ግዢው እንመለስ። በያድ ሽታይም ማስታወቂያ ላይ ሁለት ሌንሶች አገኘን። የመጀመሪያው ሻጭ ከባሕሩ አጠገብ ይኖራል። ሌንሱ ከውጭ ሲታይ አዲስ ይመስላል፣ ሣጥኑም ደረሰኙም አለ። የፔሌፎናችንን መብራት አብርተን በኋላው በኩል አስገብተን በፊተኛው ስንመለከት፣ ከመስተዋቱ ዳር ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር ዘርግቷል። ይህ ሻጋታ ነው። በባሕር ዳርቻ፣ በሐዴራም ሆነ በኔታንያ፣ አየሩ እርጥብ ስለሆነ በጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ሌንስ ይሻግታል። ሻጋታ ከመስተዋቱ ቢጠረግም የበላውን ቀለም አይመልስም፤ የማጽጃውም ዋጋ ከሌንሱ ይበልጣል። ሻጩ «አቧራ ነው» አለን። አቧራ ክብ ነጥብ ነው፣ ክር አይደለም። ጥቂት የአቧራ ነጥብ በማንኛውም አሮጌ ሌንስ ውስጥ አለ፤ ምንም አያደርግም። አመስግነን ሄድን። ሰውየው ሆን ብሎ ዋሽቷል ብለን አናምንም፤ ሌንሱን በዚህ ዓይነት መብራት አይቶት አያውቅም ይሆናል።

ሁለተኛው ሻጭ አንድ ወጣት ሲሆን የቀጠረን ከሐዴራ ወጣ ብሎ በ65 ቁጥር መንገድ ላይ፣ ጋን ሽሙኤል የገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ ነው። ጋን ሽሙኤልን ብዙዎቻችሁ በጭማቂ ፋብሪካው ታውቁታላችሁ። ስሙ ለራቢ ሽሙኤል ሞሂሌቨር መታሰቢያ የተሰጠ ሲሆን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በቦታው የተተከለው ኤትሮግ ነበር፤ እኛ ትርንጎ የምንለው። ኪቡጹ የተቋቋመው በ1921 ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሚበዛበት ቦታ ለያገለገለ ዕቃ ግዢ መልካም ነው፤ በቀን፣ በብርሃን፣ በሰው ፊት ይሁን። ሌንስ ልትገዙ ስትሄዱ የራሳችሁን ካሜራ፣ የተሞላ ባትሪና ባዶ ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። በሻጩ ካሜራ ላይ መሥራቱ ለእናንተ ምንም ዋስትና አይሆንም።

ሌላም ነገር ይዘን ሄደን ነበር፤ የራሳችንን ጋዜጣ። መጀመሪያ የአማርኛውን ገጽ በማዕከሉ ግድግዳ ላይ በአራት ማዕዘኑ በፕላስተር ለጠፍነው። ካሜራውን ፊት ለፊቱ ቀጥ አድርገን፣ በ17፣ በ35 እና በ50፣ መጀመሪያ በኤፍ 2.8 ቀጥሎም በኤፍ 5.6 አነሣነው። ከዚያ በካሜራው መስኮት ላይ አስፍተን አራቱን ማዕዘኖች አወዳደርን። ፊደል ለዚህ ሥራ የታደለ ነው፤ «ሰ» እና «ሱ»፣ «በ» እና «ቡ» ካልተለዩ ሌንሱ ደክሟል ማለት ነው። የቀኙ ላይኛ ማዕዘን በ17 ላይ በኤፍ 2.8 ትንሽ ፈዘዘ፤ በኤፍ 5.6 ግን ተስተካከለ። ይህ በአሮጌ ሌንስ የሚታገሡት ነው። አንዱ ወገን በሙሉ፣ በኤፍ 8ም ቢሆን፣ ፈዞ ቢቀር ግን ሌንሱ ወድቆ መስተዋቱ ከቦታው ተናግቷል ማለት ስለሆነ አይወሰድም።

ቀጥሎ ጋዜጣውን በመኪናው ሞተር ክዳን ላይ አጋድመን ዘረጋነው። ከጎን ሆነን በመሃል ባለው አንድ መሥመር ላይ አነጣጥረን በኤፍ 2.8 አነሣን። ያነጣጠርንበት መሥመር ጥርት ካለ ጥሩ ነው፤ ከእርሱ ፊት ወይም ኋላ ያለው መሥመር ጥርት ብሎ እርሱ ከደበዘዘ ሌንሱና ካሜራው አልተስማሙም ማለት ነው። አንዳንድ ውድ ካሜራዎች ይህን ማረሚያ በውስጣቸው አላቸው፤ 450ዲ የለውም። ስለዚህ እዚያው ካልተስማሙ ቤት ወስዶ ማስታረቅ አይቻልም። አምስት ጊዜ ደጋገምነው፣ አራቱ ልክ ሆነ፤ አንዱ የእኛ እጅ ነው ብለን ተውነው።

ይህን ሁሉ ስናደርግ ሻጩ በትዕግሥት ቆሞ ያያል። በመጨረሻ ግድግዳው ላይ ያለውን ጋዜጣ እየተመለከተ፣ «ይህ ፊደል ስንት ነው?» ብሎ በዕብራይስጥ ጠየቀን። ከሁለት መቶ ይበልጣል ስንለው ሳቀና፣ «እኔ ሃያ ሁለቱን ለመማር አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል» አለ። 550 ሸቀል ብሎ ነበር፣ በ480 ተስማማን። የቀረው 120 ሸቀል ለማተሚያ ይሁን ብለን አቆየነው።

ያላየነው ነገር እንዳይመስላችሁ፦ ሌንሱን ወደ ታች አዘቅዝቀን ዙሙ በራሱ ይንሸራተት እንደሆነ፣ ቀዳዳውን የሚያጠቡት ቀጫጭን ብረቶች ዘይት ነክቷቸው ያብረቀርቁ እንደሆነ፣ የፊልተሩ ጥርስ ተጨፍልቆ እንደሆነ አይተናል። በፊተኛው መስተዋት ላይ ያለ ትንሽ ጭረት አያስፈራችሁ፤ በኋለኛው ላይ ያለው ግን ፎቶው ላይ ይወጣል።

አሁን ማንም ሻጭ ወደማይነግራችሁ፣ ለእኛ ወገን ግን ከሌንሱ እኩል ወደሚያስፈልገው ነገር እንምጣ። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ የሚሞክር ዕቃ ነው። ነጭ ሸማ ሲያይ «በዛ» ብሎ ብርሃኑን ይቀንሳል። ሸማው ግራጫ ይሆናል፤ የእናቶቻችን ፊት ደግሞ ይጨልማል፣ ዓይናቸው ይጠፋል። በፊልም ዘመንም ቢሆን ማተሚያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉባቸው የናሙና ካርዶች ላይ ለብዙ ዓመታት የነበሩት ነጭ ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ ለእኛ ፊት ታስቦ አልተሠራም። ስለዚህ አስተካካዮቹ እኛው ነን። በ450ዲ ላይ «ኤቪ» በሚለው አሠራር የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን አዝራር ተጭኖ መንኮራኩሩን በማዞር ብርሃኑን በሁለት ሦስተኛ ወይም በአንድ ሙሉ ከፍ ማድረግ ይገባል። ምን ያህል እንደሚበቃ ለማወቅ እኛ የምናየው የነጠላውን ጥለት ነው። ጥለቱ ከታየ፣ ፊቱም ካልጠቆረ፣ ልክ ነው። ጥለቱና ፊቱ በአንድ ጊዜ አልታይ ካሉ ሰውየውን ከፀሐይ ወደ ጥላ ውሰዱት፤ ካልሆነ ግን ጥለቱን ሠውታችሁ ፊቱን አትርፉ።

በሰግድ ቀንም የቄሶቻችን ጃንጥላ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ቀይ ጃንጥላ ፊትን ቀይ፣ አረንጓዴው ደግሞ ሕመምተኛ ያስመስላል። ከዚያ ይልቅ በጃንጥላው ጠርዝ፣ ክፍት ብርሃን በሚያገኝበት በኩል ቁሙ።

ሌንሱ ከተገዛ በኋላ የሚኖርበት ቤት ያስፈልገዋል። በቆዳ ኮሮጆ ውስጥ ዘግታችሁ አትተዉት፤ ሻጋታ ቆዳ ይወዳል። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን፣ በውስጡም ከጫማ ካርቶን የምትጥሏት እርጥበት የምትመጥ ከረጢት ሁለት ሦስት ትበቃለች። ከሁሉ የሚሻለው መድኃኒት ግን በሳምንት አንድ ጊዜ አውጥቶ ማንሣት ነው። ከባሕር ስትመለሱም አሸዋውን በንፋስ ሳታስወግዱ በጨርቅ አትጥረጉ፤ አሸዋ መስተዋት ይጭራል።

በዚህ ሌንስ መጀመሪያ ያነሣነው የእነዚያኑ ሽማግሌ ባለቤት ነው። ልጃቸውን አስፈቅደን በአንድ ዓርብ ጠዋት ወደ ቤታቸው ሄድን። «እማማ፣ ፎቶ ልናነሣዎት ነው የመጣነው» ብንላቸው፣ «ምን ሆኜ?» አሉና ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተው ተነሥተው ጓዳ ገቡ። ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተመለሱ። በመስኮቱ አጠገብ ወንበር አቀረብንላቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ሳቅ ይበሉ ብንላቸው፣ «የፎቶ ቤቱ ሰውዬ ሲያነሣኝ አልሳቅሁም፤ ዛሬ ምን አገኘሁ ብዬ እስቃለሁ» አሉን። ሌንሱን 50 ላይ፣ ቀዳዳውን ኤፍ 4 ላይ አደረግን። የመጀመሪያው ጨለመ፤ ብርሃኑን በአንድ ከፍ አደረግን። ሦስተኛው ላይ የዓይናቸው ብሌን ውስጥ መስኮቱ ራሱ ይታያል።

በካሜራው መስኮት አሳየናቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «አርጅቻለሁ» አሉ። ከዚያም ስንት ቅጂ እንደምናወጣ ጠየቁን። አንድ ትልቅ ለግድግዳ ስንላቸው፣ «ሁለት አድርጉት። አንዱ ከእርሳቸው ጎን ይሰቀል። ሁለተኛውን ግን አነስ አድርጋችሁ በፖስታ የሚገባ አድርጉት፤ እኅቴ ጎንደር ናት፣ ከተለያየን ወዲህ መልኬን አላየችም» አሉ። ትልቁን 20 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ ትንሹን 10 በ15 አድርገን አወጣን። ትንሹን ከጀርባው ላይ ስማቸውንና ቀኑን ልጃቸው በአማርኛ ጻፈበት፤ እርሳቸው ፊደሉን አንድ በአንድ እየነገሩት።